ውሻ ይዞ ወደ ወንጪ ሐይቅ

ልደታ በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ድሮ፣ የቦሌ አየር ማረፊያ ሳይሠራ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አውሮፕላን የሚያርፈው በልደታ ሜዳ ነበር። ዛሬ በልደታ ፎቅ በዝቷል። ብዙዎቹ አሮጌ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። ኮንዶሚኒየም ይባላሉ። አንዱ ቤተሰብ ከሌላው ቤተሰብ በላይ ይኖራል። ግቢው የጋራ ነው። ደረጃውም የጋራ ነው። ውሻውም የጋራ ነው።

እኛ በዚህ ሰፈር የምንኖር ጎረቤታሞች ነን። ግቢያችንን የሚጠብቅ አንድ ውሻ አለን። ቡቺ እንለዋለን። ከየቤቱ የተረፈውን ይበላል፤ ሌሊት ይጮኻል፤ ቀን ከልጆች ጋር ይጫወታል። በኅዳር ወር ጥቂት የዕረፍት ቀናት አገኘን። ከከተማ ወጣ ብለን ተራራና ሐይቅ ያለበት አገር ለማየት ተስማማን። ልጆቹ ወዲያው «ቡቺስ?» አሉ። የሚያበላው ሰው በግቢው አይቀርም ነበር። ስለዚህ ይዘነው ለመሄድ ወሰንን።

ይህ ነገር ያስቃችሁ ይሆናል። ገበሬ ውሻውን አስከትሎ ተራራ ለመውጣት ዕቅድ አያወጣም። ጠዋት ከብቱን ሲነዳ ውሻው ይከተለዋል። ማታ አብሮት ይመለሳል። በቃ። ነገር ግን ውሻ ከለመደው ቀዬ ወጥቶ ሰው አገር ሲገባ ነገሩ ይለያል። እናንተም ወደ ገበያ፣ ወደ ዘመድ ቤት፣ ወደ ሩቅ ግጦሽ ስትሄዱ ውሻችሁ ይከተላችኋል። ስለዚህ የእኛ ጉዞ የሚነግረን ነገር ለእናንተም ይጠቅማል።

ወዴት እንሂድ?

ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ባሌ እንሂድ» አሉ። እውነትም ባሌ ያማረ አገር ነው። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በተራሮቹ ላይ ገርባ ጉራቻ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በፈረንጅ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብሔራዊ ፓርክ ማለት አራዊትና ደን የሚጠበቁበት የመንግሥት ክልል ነው።

ነገር ግን ባሌ የቀይ ቀበሮ አገር ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። በጠቅላላው ከ500 ያነሰ ነው የቀረው። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል አድኖ ይበላል።

ቀይ ቀበሮን ክፉኛ የጎዳው ከቤት ውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በባሌ ቀይ ቀበሮዎች ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሣ። በ2003 በተነሣው ጊዜ በወብ ሸለቆ ከሚኖሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ አለቁ። በሽታውን ወደ ቀበሮዎቹ ያመጡት ውሾች ናቸው። ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች በባሌ ዙሪያ ያሉትን የገበሬ ውሾች እየዞሩ ይከትባሉ። ቀበሮዎቹንም የከተቡበት ጊዜ አለ።

ይህን ሁሉ ተነጋገርንና «ባሌን ያለ ውሻ እንሄድበታለን» አልን። የተከተበ ውሻም ቢሆን ሌላ በሽታ ሊያደርስ፣ አራዊቱንም ሊያባርር ይችላል። ውሻ ይዞ ቀይ ቀበሮ ወደሚኖርበት ተራራ መውጣት አይገባም። በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ወንጪን መረጥን። ወንጪ ተራራም ሐይቅም አለው። ለአዲስ አበባም ይቀርባል። ቀይ ቀበሮ የለበትም።

ከሁሉ በፊት ክትባት

ዕቃ ከመሸከፋችን በፊት፣ ገና በመስከረም ወር፣ ቡቺን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ተወጋ። ሐኪሙ ቀኑን በወረቀት ላይ ጽፎ ማኅተም አደረገበት።

ለምን አስቀድመን ወሰድነው? ክትባት እንደ ቁልፍ አይደለም፤ ዛሬ ተወግቶ ዛሬ አይዘጋም። የውሻው ሰውነት መከላከያውን እስኪሠራ ድረስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት መጠበቅ ይገባል። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይደገማል።

የእብድ ውሻ በሽታ በዓይን ከማይታይ ተሕዋስ ይመጣል። ተሕዋሱ በታመመው ውሻ ምራቅ ውስጥ ነው። ውሻው ሲነክስ፣ ወይም ቁስልን ሲልስ፣ ምራቁ ወደ ሰው ሰውነት ይገባል። ከዚያ ተሕዋሱ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል። አንዳንዴ በሳምንት ይደርሳል፤ አንዳንዴ ዓመት ይቆያል። ሰውየው በዚህ ጊዜ ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። «ዳንኩ፣ ምንም የለብኝ» ይላል። በሽታው አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል። አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው። ከ100 ሟቾች 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ከ100 ሟቾች 99ኙን የገደላቸው ከውሻ የመጣ በሽታ ነው።

የዚህ በሽታ ክትባት አዲስ ነገር አይደለም። ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1885 በፈረንጅ አቆጣጠር ያበደ ውሻ የነከሰውን አንድ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አድኗል። የልጁ ስም ጆሴፍ ማይስተር ነበር። በአዲስ አበባ በዚህ ሊቅ ስም የተጠራ የሕክምና ተቋም ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። ሰፈሩ ግን እስካሁን «ፓስተር» ነው። ውሻ የነከሰውን ሰው የአዲስ አበባ ሰው «ፓስተር ውሰዱት» ይላል።

መንገዱ

ከልደታ ተነሥተን በሜክሲኮ፣ በሳር ቤትና በመካኒሳ አድርገን የጅማን መንገድ ያዝን። ሰበታን፣ ተፍኪን፣ ቱሉ ቦሎን አለፍን። ሜዳው የጤፍ አገር ነው። በኅዳር ጤፉ ይታጨዳል። ወሊሶ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በፍል ውሃዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከወሊሶ ወደ ቀኝ ታጥፎ ዳገቱን መውጣት ነው። ከዚያ እስከ ወንጪ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በአምቦ በኩልም ይመጣል።

ከመነሣታችን በፊት ስለ መንገዱ ሰላም ወደዚያ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠየቅን። መንገድ የሚጠየቀው ከሄደበት ሰው ነው።

በሕዝብ መኪና ውሻ ይዞ መሄድ ያስቸግራል። አንዱ ይፈራል። ሌላው ውሻ ልብሱን እንዲነካው አይፈልግም። ለሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሳይታጠብ አይሰገድበትም። ይህን ማክበር ይገባል። ስለዚህ ገንዘብ አዋጥተን መኪና ኮንትራት ያዝን። ለሾፌሩም ውሻ እንዳለን አስቀድመን ነገርነው።

በመንገድ ላይ እንዲህ አደረግን። ጠዋት ቡቺን ብዙ አላበላነውም፤ የጠገበ ውሻ በመኪና ያስመልሰዋል። በየሁለት ሰዓቱ እየቆምን ውሃ አጠጣነው። መኪናውን ዘግተን ፀሐይ ላይ ትተነው አልሄድንም። በተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ቶሎ ይጨምራል፤ ውሻም ይሞታል። ከመኪና ሲወርድ ሁልጊዜ በገመድ ታስሮ ነው።

ወንጪ

ወንጪ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበር። እሳተ ገሞራ ማለት ከምድር ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ የሚተፋ ተራራ ነው። ከሥሩ የነበረው የቀለጠ ድንጋይ ተተፍቶ ሲወጣ የተራራው አናት ወደ ውስጥ ሰመጠ። ትልቅ ጎድጓዳ ሆነ። ጎድጓዳው ውሃ ያዘና ሐይቅ ሆነ። የተራራው ጫፍ 3,386 ሜትር ነው። ከላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያዩት ሐይቁ በድስት ውስጥ ያለ ውሃ ይመስላል። ዙሪያውን አረንጓዴ ነው። ገብስ ይዘራል። በየቤቱ ጓሮ እንሰት ተተክሏል። ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል። ጋቢና ብርድ ልብስ ያስፈልጋል።

በሐይቁ መካከል ደሴት አለ። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። በደሴቱ ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ገዳም አለ። ወደዚያ የሚኬደው በጀልባ ነው። ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ስለዚህ በሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን ተሻግረን ስንሳለም ግማሾቻችን ከቡቺ ጋር ዳር ቀረን። ከዚያ ተለዋወጥን።

የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው ፈረስ ያከራያሉ፤ በጀልባ ያሻግራሉ፤ መንገድ ይመራሉ። በ2021 በፈረንጅ አቆጣጠር የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው 44 መንደሮች አንዱ ወንጪ ነበር።

«ውሻችሁ ተከትቧል ወይ?»

ወደ ሐይቁ ስንወርድ አንድ አባት ከብት ያግዱ ነበር። እኛም «አካም ጅርቱ፣ አባቴ» አልናቸው። በኦሮምኛ «እንደምን ናችሁ» ማለት ነው። እሳቸው ሰላምታችንን በደንብ ከመለሱ በኋላ በትራቸውን በመንገዱ ላይ አጋደሙትና ቆሙ። ዓይናቸው ቡቺ ላይ ነበር።

«ልጆቼ፣ ውሻችሁ ተከትቧል ወይ?» አሉን።

«አዎ፣ አባቴ» አልናቸው።

«አፍ ሁሉ አዎ ይላል። ወረቀት አላችሁ?»

ወረቀቱን አውጥተን ሰጠናቸው። እኛ ልናነብላቸው ስንል በእጃቸው ከለከሉን። ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ፊደሉን አንድ በአንድ እየያዙ ራሳቸው አነበቡት። ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበቡ። «ከመስከረም እስከ ኅዳር። ደህና፣ ዓመት አልሞላውም» አሉና በትራቸውን አነሡ። ከዚያ በኋላ አብረውን ተቀመጡ። ነገሩንም አጫወቱን።

ከጥቂት ዓመት በፊት ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ በቀዬአቸው አልፎ ነበር። የመንደሩን ውሾች ነካከሰ። አንዲት የምትታለብ ላምና አንድ በሬም ነከሰ። ውሻው ሄደ፤ ሰውም ረሳው። ከሳምንታት በኋላ ላሚቱ መብላት ተወች። ምራቋ ይዝረበረባል። ድምፅዋ ጎርንኖ ትጮኻለች። የቤቱ ሰው ጉሮሮዋን አንዳች ነገር የያዛት መሰለው። የወንድማቸው ልጅ እጁን ወደ አፏ አስገብቶ ፈለገ። ምንም አላገኘም። ላሚቱ ሞተች። በሬውም ተከተላት። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ተልኮ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ሄዶ፣ ክትባቱን ተወግቶ ጨረሰና ዳነ።

«አንድ ውሻ ባለፈ ጥጃዋ ያለ እናት ቀረች፤ ሞፈሩም ያለ በሬ ቀረ» አሉን። «ልጁም ለጥቂት ተረፈ። እንግዳ እንወዳለን። የእንግዳን ውሻ ግን እንጠይቃለን።»

እኛም እውነታቸውን ነው አልን። እሳቸው የያዙት በትር ለከብታቸውም ለልጆቻቸውም አጥር ነበር። በየመንደሩ እንደ እሳቸው የሚጠይቅ ሰው ቢኖር በሽታው መግቢያ ያጣል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙ። ከብት ምራቁ ቢዝረበረብና መዋጥ ቢያቅተው እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ። የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ጥሩ። በዚህ በሽታ የተጠረጠረ ከብት ሥጋውም ወተቱም አይበላም።

በግ አርደን

በሁለተኛው ቀን በግ ገዝተን አረድን። ቡቺ ጅራቱን እየቆላ መጣ። እኛ ግን ጉበትና ሳንባውን ጥሬውን አልሰጠነውም። አንዳንድ ጊዜ በበግ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። በከረጢቱ ውስጥ የትል ዘር አለ። ውሻ ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በእጅና በምግብ ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበትም ከረጢት ይሠራል። እንዲህ ያለ ሥጋ ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ለውሻ አይሰጥም፤ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ሽንኩርት የበዛበት ወጥም አይስማማውም።

ውሻ ቢነክስ ምን እናድርግ?

ይህን ለልጆቻችን በመንገድ ላይ አስጠናናቸው። እናንተም ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።

1. ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ትንሽ ጭረት ቢሆንም ይታጠባል።

2. በርበሬ፣ አመድ ወይም ቅጠል በቁስሉ ላይ አለማድረግ።

3. በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያበቃም፤ በተለያየ ቀን ይሰጣል። አንዱም አይቀርም። ጸበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ ክትባቱን ግን ይጨርስ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

4. የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው ወዲያው አይገደልም። ለ10 ቀን አስሮ ማየት ይገባል። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። የሰውየው ሕክምና ግን ይህን ሳይጠብቅ ይጀመራል።

5. ያበደ ውሻ ሁሉ አይሮጥም፤ ሁሉም አይናከስም። አንዳንዱ ጥግ ይዞ ይተኛል። መንጋጋው ይንጠለጠላል። ምራቁ ይፈስሳል። ውሃ መዋጥ ያቅተዋል። ይህን «ምስኪን» ብሎ መዳሰስ ሞት ያመጣል።

ምን ተረፈን?

ሦስት ቀን በተራራው ላይ ቆየን። ልጆቹ በፈረስ ተቀመጡ። እናቶች የወንጪን ማር ገዙ። ቡቺ በገመዱ እንደታሰረ የሐይቁን ውሃ ጠጣ። በግ አላባረረም፤ ከመንደሩ ውሾች ጋርም አልተጣላም። ቆሻሻችንን ሁሉ በከረጢት ሰብስበን ይዘን ተመለስን። ሐይቁ ለሌላም ሰው ነውና።

ለዕረፍት ብዙ ገንዘብ አወጣን። መኪና ተከራየን፤ በግ ገዛን። ከሁሉ ያነሰው ወጪ የቡቺ መርፌ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ያሳለፈን ግን ያ መርፌና ያ ወረቀት ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ያበደ ውሻ በመንደር ከገባ በኋላ ዱላ ይዞ መሮጥ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ውሃ መቅዳት ነው።

በቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ አለ። የክትባት ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁት። ብቻችሁን አትሂዱ፤ የመንደሩን ውሾች ሁሉ በአንድ ቀን አውጡ። አንዱ ተከትቦ ዘጠኙ ቢቀር በሽታው አይጠፋም። ወረቀቱንም ከግብር ደረሰኛችሁ ጋር አስቀምጡት። ቀኑንም ራሳችሁ አንብቡ።

ጥያቄዎች

1. የልደታ ሰዎች ውሻ ይዘው ወደ ባሌ ያልሄዱት ለምንድን ነው?

2. ውሻ ከተከተበ በኋላ ስንት ሳምንት መጠበቅ ይገባል?

3. ውሻ የነከሰው ቁስል ለስንት ደቂቃ ይታጠባል? በምን?

4. በመንደራችሁ ስንት ውሻ አለ? የተከተበው ስንቱ ነው? ቆጥራችሁ ጻፉ፤ ተወያዩበትም።